የተጠቃሚ ፍላጎትና የሲስተም ፊቸር አልገናኝ ሲሉ፦ ባለቤት ያጡ ፊቸሮችና መልስ ያጡ ፍላጎቶች ምን ይደረጋሉ?

ጥያቄ
ከ፦ ጀማሪ ተንታኝ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ በፍላጎት ትንተና ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አሁን የያዝነው ሥራ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላቋቋሙት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያገለግል ሲስተም ነው። ማኅበሩ የአባላቱን ወርኃዊ ቁጠባ ከደመወዛቸው በቀጥታ እያስቀነሰ ይሰበስባል፤ አባላቱም የቆጠቡት ገንዘብ ታይቶ፣ ዋስ አቅርበው ይበደራሉ። እስከ ዛሬ ይህ ሁሉ ሲሠራ የኖረው በኤክሴልና በባሕር መዝገብ ነው።

በእጄ ሁለት ሰነዶች አሉ። የመጀመሪያው ውሉ ሲፈረም አብሮ የተያያዘው የፊቸሮች (ሲስተሙ የሚያከናውናቸው ተግባራት) ዝርዝር ሲሆን 64 ተራ ቁጥሮች አሉት። ሁለተኛው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ከገንዘብ ያዧ፣ ከሒሳብ ሠራተኞቹ፣ ከብድር ኮሚቴውና ከጥቂት አባላት ጋር ለሦስት ሳምንት ያህል ተነጋግረን ያዘጋጀነው የፍላጎት መዝገብ ሲሆን 31 ፍላጎቶችን ይዟል። አለቃዬ ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ አዛምጄ እንዳቀርብ ስላዘዘኝ፣ ፍላጎቶቹን በረድፍ፣ ፊቸሮቹን በዓምድ አድርጌ በሚገናኙበት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ የጀመርኩት ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ያስቸገረኝ ሦስት ነገር ነው። ከ64ቱ ፊቸሮች መካከል 19ኙ ከአንድም ፍላጎት ጋር አልተገናኙም። የአባላት የሞባይል መተግበሪያ፣ በጣት አሻራ መግቢያ፣ ለማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ሰብሳቢ በሥዕላዊ መግለጫ የተሞላ ዳሽቦርድ (የማጠቃለያ ገጽ) እና የመሳሰሉት ናቸው። ማን እንደፈለጋቸው ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ውሉ ላይ አለ፤ ይሠራ» የሚል ነው። በሌላ በኩል «ሪፖርት ማውጣት» የሚለው አንድ ፊቸር ብቻውን 11 ፍላጎቶችን ይመልሳል ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ በጅምላ ሲሆን ምንም የተናገርኩ አልመስል ብሎኛል። በመጨረሻም ስድስት ፍላጎቶች ምንም ፊቸር የላቸውም። ከእነዚህ ሁሉ የከበደኝ አባላቱ ደጋግመው ያነሱት «የብድር ጥያቄያችን ፈጥኖ ይወሰንልን» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ውሳኔው የሚዘገየው የብድር ኮሚቴው የሚሰበሰበው በ15 ቀን አንድ ጊዜ በመሆኑ ነው፤ ይህን ምን ዓይነት ፊቸር ያፋጥነዋል?

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ባዶ ሳጥኖቹን እንዴት እንደምታስተናግዱ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ 1
ከ፦ የመስፈርት ጸሐፊዋ

ወንድሜ፣ ባዶ ረድፍና ባዶ ዓምድ ያሳየዎት ሰንጠረዥ የተሠራበትን ዓላማ ፈጽሟል። ሁሉም ሳጥን ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ እጠራጠር ነበር፤ ሁሉም ሞልቶ የማገኘው ብዙውን ጊዜ ተንታኙ ፊቸሮቹን እያየ ፍላጎቶቹን የጻፈ እንደሆነ ነውና።

ከባዶዎቹ በፊት ግን የሞሉትን ሳጥኖች እንደገና እንዲመለከቱ እመክራለሁ። በፍላጎት መዝገብዎ ውስጥ «ሲስተሙ ለአባላት የጽሑፍ መልእክት እንዲልክ» የሚመስል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ እርሱ የፍላጎት ልብስ የለበሰ ፊቸር ነው። ከፊቸሮች ዝርዝር ውስጥ ካለው «የጽሑፍ መልእክት መላኪያ» ጋር በደስታ ይገጣጠማል፤ መገጣጠሙ ግን አንድን ቃል ከራሱ ጋር ማስተያየት ነው። እኔ በተመሳሳይ ማኅበር ስሠራ ይኸው ጥያቄ ቀርቦልኝ «መልእክቱ ቢደርሳችሁ ምን ይቀርላችኋል?» ብዬ ብጠይቅ፣ አባላቱ ከደመወዛቸው የተቀነሰው ገንዘብ በቁጠባ ደብተራቸው ላይ ሳይመዘገብ ወር ስለሚያልፍ በመስኮቱ ፊት ጭቅጭቅ እንደሚነሳ ነገሩኝ። ለምን አይመዘገብም ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው የተቀናሽ ዝርዝር ድምሩ ማኅበሩ ከሚጠብቀው ድምር ጋር ስለማይገጥም፣ ልዩነቱ የየትኛው አባል እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ የሒሳብ ሠራተኞቹ አንዱንም አይመዘግቡም ነበር። እንግዲህ ፍላጎቱ «የተቀነሰብኝ ገንዘብ በዚያው ወር በስሜ መመዝገቡን ልወቅ» የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው ዋነኛ ፊቸር የተቀናሹን ዝርዝር ከሚጠበቀው ጋር በየአባሉ አነጻጽሮ የማይገጥሙትን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ገጽ ሆኖ ተገኘ፤ የጽሑፍ መልእክቱ ተከታይ ሆነ። መልእክቱን ብቻ ሠርተን ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘባቸው አለመመዝገቡን ለአባላቱ በፍጥነት የምንነግር በሆንን ነበር።

ስለዚህ በፍላጎትና በፊቸር መካከል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስገቡ፤ በእርሱም ፍላጎቱ ተሟልቷል የሚባለው ምን ሲታይ እንደሆነ ይጻፉ። ለምሳሌ «የተቀናሽ ዝርዝሩ በደረሰ በሁለተኛው የሥራ ቀን ልዩነት የሌለባቸው አባላት ሁሉ ተመዝግበው ይታያሉ» ማለት ይቻላል። አይኤስኦ/አይኢሲ/አይኢኢኢ 29148 የተባለው የመስፈርት ምሕንድስና ደረጃም የባለድርሻዎችን መስፈርት ከሲስተሙ መስፈርት ለይቶ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ መስፈርት አስፈላጊና ሊረጋገጥ የሚችል እንዲሆን፣ ከየት እንደመጣም እንዲታወቅ ያዛል። የሁለቱ ዓይነት መስፈርቶች መቀላቀል የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል በሚል ስም የጀመረውን የምርመራ መዝገብ ሲስተም መመልከት ይበቃል። የመስፈርት ሰነዱ ከ800 ገጽ በላይ ነበረው፤ በገጾቹ ላይ ምን ዓይነት አዝራር እንደሚቀመጥ እስከ መደንገግ የደረሰ ሲሆን፣ ሥራው ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ተትቷል። የከሸፈበት ምክንያት አንድ ብቻ ባይሆንም፣ መፍትሔን እንደ ፍላጎት አድርጎ መጻፍ ግን በግልጽ ከተነሱት ድክመቶች አንዱ ነበር።

«ሪፖርት ማውጣት» የሚለው ፊቸር አይደለም፤ የመደርደሪያ ስም ነው። በ11ዱ ፍላጎቶች ላይ አንድ በአንድ እየሄዱ «ይህን ወረቀት ማን ይቀበላል? መቼ? ካነበበ በኋላስ ምን ይወስናል?» ብለው ይጠይቁ። ገንዘብ ያዧ በወር መጨረሻ ከባንክ ሒሳቡ ጋር የምታስታርቅበት ዝርዝር፣ የብድር ኮሚቴው ከስብሰባው በፊት የሚያየው የአመልካቾች ማጠቃለያ፣ እንዲሁም የቁጥጥር ኮሚቴው የሚመረምረው የተጓተተ ብድር ዝርዝር በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ቢመሠረቱም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንባቢና ውሳኔ ያልተገኘለት ሪፖርት ደግሞ ሳይሠራ ቢቀር ማንም አይፈልገውም፤ በልምዴ ከሦስት አንዱ እንዲህ ይወጣል።


መልስ 2
ከ፦ ሞካሪው

ከላይ በተጻፈው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እኔ በ19ኙ ባለቤት አልባ ፊቸሮች ላይ ላተኩር።

ከፍላጎት ጋር ያልተያያዘ ፊቸር ቢበዛ ገንዘብ ያባክናል እንጂ አይጎዳም የሚል አስተሳሰብ በየቡድኑ አለ። ለዚህ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ የአሪያን 5 ሮኬት ታሪክ ነው። ሮኬቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና ኩሩ ተተኩሶ 40 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደበረረ ተበታተነ። ምክንያቱ በአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ቁጥር ሲለወጥ ከመጠኑ በማለፉ ነው። እኛን የሚመለከተው ግን ስህተቱ የተፈጠረበት ቦታ ነው። ያ የኮዱ ክፍል ከመነሳት በፊት መሣሪያውን የሚያስተካክል ሲሆን፣ ከተነሳም በኋላ ለአጭር ጊዜ እንዲቀጥል የተደረገው ለቀዳሚው ለአሪያን 4 ነበር፤ የመነሻ ቆጠራው በመጨረሻው ሰዓት ቢቋረጥ ፈጥኖ ለመቀጠል ይጠቅም ነበርና። አሪያን 5 የአነሳሱ ዝግጅት የተለየ ስለሆነ ይህ ፍላጎት አልነበረውም። ፊቸሩ ግን ከነኮዱ ተሸጋግሮ መጣ። ፍላጎቱ በቀረበት ሮኬት ላይ እየሠራ የነበረ ፊቸር ሮኬቱን አጠፋው ማለት ነው። ለቁጠባ ማኅበር ሲስተም ምሳሌው ከበድ ያለ ይመስላል፤ ሆኖም ማንም ያልጠየቀው የጣት አሻራ መግቢያ አንድ ቀን ጠዋት መሣሪያው ተበላሽቶ ገንዘብ ያዧን ከሥራዋ ቢያግድ፣ በዚያ መስኮት ፊት ለተሰለፉት ሰዎች ጉዳዩ ቀላል አይሆንም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ባዶ ዓምድ ያየ ሁሉ ፊቸሩን ይሰርዝ አልልም። ፍላጎትን የሰበሰባችሁት በመስኮቱ ዙሪያ ካሉ ሰዎች ነው፤ ሲስተሙን በቀጥታ ሳይነኩት ከእርሱ የሚጠብቁ ግን ሌሎችም አሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚጥላቸው ግዴታዎች፣ ሒሳቡን የሚመረምረው ኦዲተር፣ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሲስተሙን ነገ የሚጠግነው ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ባለድርሻዎች ናቸው። «ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሒሳብ እንዳረመ መዝግቦ መያዝ» የሚለውን ፊቸር የሒሳብ ሠራተኛ አይጠይቅዎትም፤ እንዲያውም ባይኖር ይመርጥ ይሆናል። ኦዲተሩ ግን ይጠይቃል። የመጠባበቂያ ቅጂና የተጠቃሚዎች ፈቃድም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ 19ኙን ይዘው መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ይጎብኙ፤ ከዚያ በኋላም ባዶ ሆኖ የሚቀረው በእውነት ባለቤት የሌለው ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ለእያንዳንዱ ፍላጎትና ለእያንዳንዱ ፊቸር የማይለወጥ ቁጥር ይስጡ፤ የተሰረዘውንም ቁጥር ለሌላ አይስጡት። እኛ ሞካሪዎች የሙከራ ዝርዝራችንን የምናስረው በፊቸሩ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ፊቸሩ መሥራቱን እናረጋግጣለን እንጂ ፍላጎቱ መሟላቱን አናውቅም። የጽሑፍ መልእክቱ በትክክል ተልኮ አባሉ ግን የተቀነሰበት ያልተመዘገበ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ በእኔ ሙከራ «አልፏል» ተብሎ ይጻፋል። መልስ 1 ላይ የተጠቀሰው መካከለኛ ዓምድ ለእኛ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።


መልስ 3
ከ፦ ኮድ ጸሐፊ

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ውይይት ላይ ትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስበት። 31 በ64 ማለት 1,984 ሳጥን ነው። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ ይህን ያህል ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ የሚኖረው እስከሚጸድቅበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። አንድ ፍላጎት ሲለወጥ ሰንጠረዡን የሚያድስ አይኖርም፤ ከሁለት ወር በኋላ ኮዱ አንድ ነገር፣ ሰንጠረዡ ሌላ ነገር ይናገራል፤ የተሳሳተ ሰንጠረዥ ደግሞ ጨርሶ ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ ሰው ያምነዋልና።

እኔ የምመርጠው ትስስሩን ሥራው በሚሠራበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ የሥራ ትኬት (አንድ ሥራ የሚመዘገብበት ቅጽ) በመጀመሪያ መስመሩ የፍላጎቱን ቁጥርና የጠየቀውን የሥራ ድርሻ ይያዝ፤ ቁጥር የሌለው ትኬት አይጀመር። ኮዱን ስናስገባም ያንኑ ቁጥር እንጽፋለን። ሰንጠረዥ ሲያስፈልግ ከዚያ ይወጣል። በዚህ ዓይነት የማይሠራ ፍላጎት ትኬት አልባ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤት የሌለው ፊቸርም ገና ሳይጀመር በሩ ላይ ይያዛል። አውሮፕላንና የሕክምና መሣሪያ ለሚሠሩት ሙሉ ሰነድ ግዴታቸው ነው፤ ለእኛ ግን የምንጠብቀውን ያህል ብቻ እንያዝ ባይ ነኝ።


መልስ 4
ከ፦ የቀድሞ ሒሳብ ሠራተኛ

እኔ የሶፍትዌር ሰው አይደለሁም። ለዓመታት በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ሳገለግል ሁለት ጊዜ ሲስተም ሲገባልን አይቻለሁ፤ ከጠረጴዛው በወዲያኛው በኩል ሆኜ ያየሁትን ልናገር።

ቃለ መጠይቅ ሊያደርጉልን የመጡት ወጣቶች ትሑታንና ትጉሃን ነበሩ። ነገር ግን የጠየቁን የሥራ አመራር ኮሚቴው ሰብሳቢ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ባሉበት «ሥራችን የሚጓተተው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚናገር ማን አለ? «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ኮምፒውተር ቢገባ ይፈጥናል» አልን። እነርሱም እንዳልነው ጻፉ። ከሁሉም በላይ ግን የምንሠራውን ሲያዩ ሳይሆን ስንናገር ነው የጻፉት። ሰው የለመደውን ሥራ ሲናገር ዋናውን ይዘላል፤ ለእርሱ ግልጽ ነውና።

የመጀመሪያው ሲስተም ከገባ በኋላ ሁላችንም በመሳቢያችን ውስጥ አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር አስቀርተን ነበር። በእኔ ደብተር ውስጥ የነበረው የዋሶች ዝርዝር ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ብድር ዋሱ ማን እንደሆነ ይመዘግባል፤ ነገር ግን ተገላቢጦሹን፣ ማለትም አንድ አባል ለስንት ሰው ዋስ እንደሆነና ከቁጠባው ምን ያህሉ በዋስትና እንደተያዘ አያሳይም። አንድ አባል ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቆ ቁጠባውን ሊወስድ ሲመጣ ግን መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ስለዚህ በእጅ እጽፍ ነበር። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች መጥተው ደብተራችንን እንድናሳያቸው ቢጠይቁን ኖሮ ያልተመለሰ ፍላጎታችንን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያገኙት ነበር። ጠያቂያችንም አሁን በኤክሴል የሚሠሩትን ሰዎች ከኤክሴሉ ጎን ምን እንደሚጽፉ፣ በሴሎቹ ላይ በቀለም ምን እንደሚለዩ፣ በስክሪኑ ጠርዝ ምን ወረቀት እንደሚለጥፉ ቢመለከቱ መልካም ነው። ደመወዝ የተከፈለበትን ሳምንት መርጠው፣ ከመስኮቱ በስተኋላ ወንበር ይዘው ይቀመጡ።

ማንም የማይነግርዎትን ሁለት ነገርም አስቀድሜ ልንገርዎት። አንደኛው ጳጉሜን ነው። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ስለሚከፈል የጳጉሜን ተቀናሽ የለም፤ ወለድ ግን በወር የሚሰላ ከሆነ ጳጉሜን አይቆጠርም፣ በቀን የሚሰላ ከሆነ አምስቱም ቀን ይቆጠራል፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ፣ ለምሳሌ በ2015 እንደሆነው፣ ስድስት ይሆናል። ጳጉሜን 3 ቀን የተሰጠ ብድር የመጀመሪያ ክፍያው መስከረም ነው ወይስ ጥቅምት? ለሁለተኛ ጊዜ የገባልን ሲስተም የፈረንጅ ወርን ቆጥሮ ቀኑን ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ይቀይር ስለነበር፣ የክፍያ ቀናችን በየወሩ እየተንሸራተተ አባላቱን ያለ ጥፋታቸው በዘገየ ከፋይነት ይመዘግብብን ነበር። የበጀት ዓመታችንም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን አይርሱ።

ሌላው ስም ነው። ኃይለማርያም፣ ሀይለማርያም፣ ኀይለ ማርያም ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ሲስተሙ ፊደሉን እንደተጻፈ ብቻ ከፈለገ «አባሉ የለም» ይላል፤ ሠራተኛውም በአዲስ ይመዘግበዋል፤ አንድ ሰው ሁለት ሒሳብ ይኖረዋል። ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው የደመወዝ ዝርዝር ደግሞ በላቲን ፊደል ነበር፤ በስም ማዛመድ ጨርሶ አይሞከርም። እኛ ያዳነን የሠራተኛ መለያ ቁጥር ነው። በእርስዎ 31 ፍላጎቶች ውስጥ እነዚህ መኖራቸውን እንጃ።


መልስ 5
ከ፦ የመስፈርት ጸሐፊዋ

የቀድሞዋ ሒሳብ ሠራተኛ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የራሴን መልስ ጎደሎነት አየሁት። ጃፓናዊው ኖሪያኪ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው የምርት ባሕርያት አመዳደብ ውስጥ ሲኖሩ የማይመሰገኑ፣ ሲጎድሉ ግን ሁሉንም የሚያስከፉ ባሕርያት የሚላቸው አሉ፤ ጳጉሜንና የስሙ ፊደል እንዲህ ያሉ ናቸው። ሰው እንደ አየር ስለሚቆጥራቸው በቃለ መጠይቅ አይወጡም። ለእነዚህ በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሳጥን እንኳ አይታይም፤ ረድፉ ራሱ የለምና። ስለዚህ ማዛመድ የሚጠቅመው ረድፎቹ በትክክል በተሰበሰቡበት መጠን ብቻ ነው።

ኮድ ጸሐፊው ስለ ሰንጠረዡ ዕድሜ ላነሱት፣ በመሣሪያው ላይ አልከራከርም፤ በትኬት ቢያዝ ደስ ይለኛል። ሆኖም ትኬት የሚከፈተው ለሚሠራ ሥራ ነው። በጠያቂያችን ስድስት ባዶ ረድፎች ውስጥ ያለው «ብድር ፈጥኖ ይወሰን» የሚለው ፍላጎት ትኬት ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም መልሱ በኮድ ውስጥ የለም። እንዲህ ላለው ፍላጎት በፊቸሩ ዓምድ ውስጥ «በአሠራር የሚፈታ» ብለው ይጻፉና የኃላፊውን የሥራ ድርሻ ያስቀምጡ፤ ለኮሚቴውም በጽሑፍ ያቅርቡ። ሲስተሙ ማድረግ የሚችለው የአመልካቹን ቁጠባ፣ ቀሪ ብድርና የዋሶቹን ሁኔታ አስቀድሞ አዘጋጅቶ የስብሰባውን ጊዜ ማሳጠር ነው። የስብሰባውን ቀን ማቅረብ የኮሚቴው ፈንታ ነው። ይህን ከወዲሁ ካላስቀመጡት፣ ሲስተሙ በተመረቀ በሁለተኛው ወር «ኮምፒውተር ገብቶም ብድር ይዘገያል» መባሉ አይቀርም፤ ተወቃሹም እርስዎ ይሆናሉ።


ምላሽ
ከ፦ ጀማሪ ተንታኝ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ የመጣሁት የተባልኩትን ሞክሬ ውጤቱን ይዤ ለመምጣት ነው።

የደመወዙን ሳምንት ከመስኮቱ በስተኋላ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ደብተሮቹ አሉ፤ ሦስት ናቸው። አንደኛው እንደተባለው የዋሶች ነው። ሌላኛው ተቀናሹ ያልገጠመላቸውን አባላት ስም የያዘ ሲሆን፣ ሦስተኛውን ገንዘብ ያዧ እስከ አሁን አላሳዩኝም። የፍላጎት መዝገቡ ከ31 ወደ 34 አድጓል፤ የተጨመሩት ዋስትናው፣ የስሙ ፊደልና ጳጉሜን ናቸው። ጳጉሜንን በተመለከተ ገንዘብ ያዧና የሒሳብ ሠራተኛው የተለያየ መልስ ስለሰጡኝ፣ ሁለቱም ላለፉት ዓመታት በየራሳቸው መንገድ ሲያሰሉ መኖራቸው ታወቀ። ጉዳዩ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ቀርቦ ውሳኔ በመጠባበቅ ላይ ነው።

ከ19ኙ ፊቸሮች ለአምስቱ ባለቤታቸው ኦዲተሩና መተዳደሪያ ደንቡ ሆነው ተገኙ። አራቱ ከመስኮቱ በስተኋላ ሳለሁ ፍላጎታቸው ተገለጠልኝ፤ የተጻፉበት ስም ነው ያሳሳተኝ። የሞባይል መተግበሪያውን ጨምሮ ሰባቱ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እንዲተላለፉ ሰብሳቢው ተስማምተዋል፤ በምትካቸውም የተቀናሽ ማነጻጸሪያው፣ የዋስትና ማሳያውና የብድር አመልካቾች ማጠቃለያው በመጀመሪያው ምዕራፍ ገብተዋል። «ሪፖርት ማውጣት» ስድስት የተለያዩ ሰነዶች ሆኗል። ከ11ዱ የሁለቱን ፍላጎቶች ሪፖርት የሚያነብ ሰው አልተገኘም። የብድር ኮሚቴው ደግሞ ደብዳቤያችን ከደረሰው በኋላ የብድር አመልካቾች በዛ ባሉበት ወር በየሳምንቱ ለመሰብሰብ ቃል ገብቷል፤ መፈጸሙን እናያለን።

በትኬትና በሰንጠረዥ መካከል የነበረውን ክርክር አለቃዬ ፈርደውበታል፤ ሁለቱንም አዝዘዋል።

አሁን የቀሩት ሦስት ፊቸሮች ናቸው። ዳሽቦርዱን ሰብሳቢው ለጠቅላላ ጉባኤው ማሳየት እንደሚፈልጉ በግልጽ ስለነገሩኝ፣ እርሱንም እንደ ፍላጎት ጻፍኩት፤ ባለቤት አለውና። ሁለተኛው በየቅርንጫፉ የተለየ የሒሳብ መደብ መያዝ የሚለው ነው፤ ማኅበሩ ግን ቅርንጫፍ የለውም። ሦስተኛው የጣት አሻራው ነው። የእርሱን ምንጭ ፍለጋ ሰብሳቢውን፣ ገንዘብ ያዧንና ሁሉንም ኮሚቴዎች ጠየቅሁ፤ ያነሳው ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ የራሳችንን ድርጅት የቆዩ የጨረታ ሰነዶች ስከፍት፣ ያው ዓረፍተ ነገር ከነፊደል ግድፈቱ ከዓመት በፊት ለሌላ ደንበኛ ባቀረብነው ሰነድ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። የቅርንጫፉም መስመር ከሥሩ አለ።